በናፍጣ የታጠበ እጅ

ጋራዡ ውስጥ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም። ሁሉም አዳምጤ ነው የሚሉት። የተበላሸ መኪና ሲመጣለት ዘሎ መፍቻ አያነሳም፤ ሞተሩን ያስነሳና ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ባለመኪናው «እንዲህ ይላል፣ ደግሞ አንዳንዴ እንዲህ ይላል» እያለ የሞተሩን ድምፅ በአፉ ለማስመሰል ሲታገል፣ እሱ እጁን አንስቶ ዝም ያሰኘዋል። ትንሽ ቆይቶ «ቀበቶው ነው የላላው» ወይም «ይሄማ የውሃ ፓምፑ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ኖሯል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን በትዳር። ባለቤቱ የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚያመርት ድርጅት ውስጥ የስፌት ሠራተኛ ናት። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ጠብ የማያበዙ፣ ፍቅራቸውንም አደባባይ የማያወጡ ባልና ሚስት ናቸው። በራቸው ተከፍቶ እንኳ ጎረቤት «ሰው አለ?» ብሎ የሚጣራባቸው ዓይነት ጸጥተኞች።

ነገሩ የጀመረው የሚስቱ ታላቅ እህት ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ነው። እህትየው የምትኖረው ሌላ ከተማ ሲሆን አጠገቧ ሆኖ የሚያስታምማት ዘመድ አልነበራትም። ሚስቱ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ወር እዚያ ከረመች። አባትና ልጅ ሥራ ተከፋፈሉ፤ ልጅቱ ወጥ ቤቱን ያዘች፣ እሱ ልብስ ማጠቡን። ሁለቱም ለሥራው እንግዳ ስለነበሩ ያረረውን እየበሉ፣ ያልጠራውን እየለበሱ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ሁለቱን ወር ገፉት።

ሚስቱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስታና ጠቁራ ተመለሰች። ቤቱ ቤት ሆነ። ናፍቆቱም ነበርና እንደ አዲስ ሙሽሮች ሰነበቱ።

በአሥረኛው ቀን ግድም ነው ሰውነቱን ሲታጠብ ያየው። የብልቱ ቆዳ፣ በተለይ ጫፉ አካባቢ፣ ደርቋል። ነጫጭ ነገር ብን ብን ይልበታል፤ የከንፈር ቆዳ በብርድ ሲሰነጠቅ እንደሚሆነው። መጀመሪያ ንቆ ተወው። ላብ ነው፣ ሙቀት ነው፣ የቱታው መወፈር ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ተነሳና ሥሩ ቀልቶ ታየ። ሲራመድ ይፈገፍገዋል፣ ሽንት ሲነካው ይለበልበዋል፣ ቁጭ ሲል ያሳክከዋል። እጁ ወደዚያ በሄደ ቁጥር ደንግጦ ይመልሰዋል፤ የሚያየው ሰው ባይኖርም።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣበት። ሚስትህ ሁለት ወር የት ነበረች? ሐሳቡ ሲመጣ በራሱ አፈረ፤ አስወጥቶ በሩን ዘጋበት። ሐሳቡ ግን በሌላ በር ዞሮ ገባ። እሷ ስትሄድ ምንም አልነበረም። እሷ ስትመጣ መጣ። እሱ ከእሷ ሌላ ሴት አያውቅም። ታዲያ ከየት መጣ? ሞተር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ድምዳሜ ለሚነግረው ሰው «ቆይ እስኪ፣ አትቸኩል» ይለው ነበር። ለራሱ ግን አላለም።

ማጠብ ጀመረ። ንጽሕና የማያድነው ነገር የለም ብሎ በልብስ ሳሙና፣ በሚያቃጥል ውሃ፣ ጠዋትና ማታ ይፈትገው ጀመር። ሳሙናው አልበቃ ሲለው የቁስል አልኮል በጥጥ ነክሮ አደረገበት። የዚያን ቀን ፎጣውን በጥርሱ ነክሶ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ተደግፎ፣ ሕመሙ እስኪያልፍ እንባው ፈሰሰ። «ካቃጠለ እየሠራ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። ልጁ የመታጠቢያ ቤቱን በር እያንኳኳች «አባዬ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ? ትምህርት ቤት ረፈደብኝ» ስትል ድምፁን አስተካክሎ «መጣሁ» አላት። በማግስቱ ቆዳው ባሰበት። እሱም አልኮሉን ጨመረ።

ጋራዡ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ሰው ጎማ የሚጠግነው ጉሚስታ ነው። ምላሱ ሹል፣ ልቡ ግን ደህና የሆነ ሽማግሌ ነው፤ ለማንኛውም በሽታ የሚመክረው አያጣም። አዳምጤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጠና ሩቅ ሩቅ እያየ፣ አንድ ጓደኛው እንዲህ ያለ ነገር እንደገጠመው፣ ቆዳው እንደሚላጥ፣ ጓደኛው ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው ጠየቀው።

ሽማግሌው የያዘውን የጎማ ቁራጭ አስቀመጠ። «ይሄ ጓደኛህ» አለ፣ «ሰሞኑን እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚራመደው?»

«አዎ፤ እንዴት አወቅህ ጋሼ?»

«አረማመዱ ካንተ ጋር አንድ ሆኖብኝ ነው።»

አዳምጤ ሳቅ አልመጣለትም። ሽማግሌውም ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄደ፤ የተጣመመ የቅባት ቱቦ ይዞለት መጣ። እሱ አንገቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣበት የሚቀባው ነው፤ ሁሉን ያጠፋል አለው። እግረ መንገዱን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሴት እንጂ ከሌላ እንደማይመጣ፣ ጓደኛው ራሱ ካልባለገ ቤቱን ቢያይ እንደሚሻል አከለበት። በክፋት አልነበረም። የሚያውቀውን መናገሩ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ትንሽ ነበር።

ቅባቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተአምር ሠራ። ማሳከኩ ጠፋ፣ መቅላቱ በረደ። አዳምጤ ቀለል አለው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቆዳው ስስ ሆነ፤ ትንሽ ሲነካ ይሰነጠቃል፣ ደም ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ቅባቱን ሲያቆም እንደ እሳት ይነሳበታል፣ ሲቀባ ይበርዳል፣ እንዲህ ሲል ሰነበተ። ቱቦውን እየጨመቀ፣ እየጠቀለለ፣ አምስት ሳምንት ገፋ።

በእነዚያ ሳምንታት የሠራውን ሥራ በኋላ ሲያስበው ፊቱ ይቀላል። ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ ሚስቱ እጇን ትከሻው ላይ ስታሳርፍ እንቅልፍ የወሰደው ያስመስላል። እሷ ከተመለሰች በኋላም የውስጥ ልብሱን ለብቻው፣ ተደብቆ ማጠቡን አላቆመም፤ የደም ነጥብ እንዳታይበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ትቶ ከበር ኋላ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። እራት ላይ ሁለት ጊዜ ያህል፣ ለወሬ ያህል አስመስሎ፣ እህቷ ቤት ሰው ይገባና ይወጣ እንደነበር ጠየቃት። እሷ ምንም ሳትጠረጥር፣ አንድ ጎረቤት ደግ ሰው እንደነበረ፣ እህቷን ተሸክሞ ደረጃ እንደሚያወርድላቸው ነገረችው። አዳምጤ ያን ደግ ሰው ፊቱን አያውቀውም፤ ሰውየው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ መኖር ጀመረ። አንድ ቀን ደግሞ እሷ ጎረቤት ስትሄድ ስልኳን አንስቶ በረበረ። ያገኘው የእህቷን ስልክ፣ የመድኃኒት ቤት ስልክና የአለቃዋን መልእክት ነው። ስልኩን ወደ ቦታው መለሰ። ማፈር ሲገባው ተናደደ፤ ምንም ባለማግኘቱ ሳይቀር ተናደደ።

ሚስቱ ዓይን አላት። ከጨርቅ ላይ አንዲት የሳተች ስፌት ከሩቅ የምትለይ ሴት ባሏ ከበር ኋላ የሚሰቅለውን የውስጥ ሱሪ አታይም ማለት ዘበት ነው። አየች፤ ዝም አለች። ወደ ግድግዳው ሲዞርም አየች። እሷም የራሷን ሒሳብ ትሠራ ነበር። ሁለት ወር ቤቴን ትቼ ሄድኩ፣ ተመልሼ መጣሁ፣ ሰውየው ሸሸኝ። ያገባች ሴት ሁሉ የምታውቀው ሒሳብ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጅቱ ጓደኛዋ ዘንድ ለጥናት ሄዳለች። ሚስቱ ቱታውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የቅባቱን ቱቦ አገኘች፤ ተጨምቆ ተጨምቆ የድሃ ቤት የጥርስ ሳሙና የመሰለውን። ይዛው ወደ መኝታ ቤት ገባች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያጸዳ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠችና ቱቦውን በመሃላቸው አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለእጄ ነው።»

«አሳየኝ እጅህን።»

ዘረጋላት። የተሰነጠቀ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት የገባበት፣ መዳፉ እንደ ቆርቆሮ የሻከረ እጅ ነው። ገልብጣ አየችው።

«ይሄ እጅ ስንጋባም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ቅባት ነክቶት አያውቅም» አለች። ከዚያ ዓይኗን ቱቦው ላይ እንዳደረገች፣ «ሌላ ሰው ካለች ንገረኝ። መስማት እችላለሁ። መደበቅህን ነው የማልችለው» አለች።

ሰባት ሳምንት ሙሉ እሱ ሊጠይቃት ሲያጉረመርም የኖረውን ጥያቄ እሷ ጠየቀችው። አፉን ሲከፍት ያሰበው ሳይሆን እውነቱ ወጣ።

«እኔ ጋ ማንም የለም» አለ። «አንቺ ጋ ነው የመሰለኝ።»

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ተነስታ ቱታውን ከወለሉ ላይ አነሳች፣ እጅጌውን ከእጅጌው ጋር አጋጥማ አጠፈችው፤ የሚታጠብ ልብስ መሆኑን የረሳች ይመስል። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እኔ እዚያ እህቴን ሳገላብጥ ነው የከረምኩት» አለች ቀስ ብላ። «ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ። ሁለት ወር። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ይሄን ታስብ ነበር?»

መልሱን አልጠበቀችም። «በል አሳየኝ» አለችው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው እንደ ልጅ አፈረ። መጋረጃውን ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፤ እሷ ብርሃን ያስፈልገኛል ስላለች። አየችው። ፊቷ ላይ ንዴት ይሁን ሐዘን መለየት አልቻለም። የአልኮሉን ነገር ሲነግራት ብቻ ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚህ ላይ አልኮል» አለች። «አንተ ሰው፣ ራስህን ምን አደረግኸው?»

ከዚያ የሚሆነውን ነገረችው። ነገ ሐኪም ቤት ይሄዳል። እሷም ትመረመራለች፤ ለእሱ ለማስረዳት ሳይሆን ለራሷ ብላ። ውጤቱን ሁለቱም አብረው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ።

በማግስቱ ጠዋት አዳምጤ ክሊኒኩ መዝገብ ቤት ፊት ተሰለፈ። ካርድ የምትሰጠው ሴት በመስታወቱ ቀዳዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ምኑን እንዳመመው ጠየቀችው። ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው አለ። ቆዳዬን አላት። ቆዳህ የት ጋ አለችው። «ሆዴ አካባቢ» አለ፤ ሴትየዋም ቀና ሳትል ጻፈችው።

ተራው ደርሶ ሲገባ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሐኪም ወጣት ሴት ሆና አገኛት። እግሩ ወደ በሩ ሊመለስ አለ። የተሳሳተ ክፍል የገባ መስሎ መውጣት አሰበ፤ ግን ሚስቱ ከሥራ መልስ ምን እንደምትጠይቀው ያውቃል። ተቀመጠ። ሐኪሟ ካርዱን አነበበችና ፈገግ አለች።

«ሆድዎ አካባቢ» አለች። «በሳምንት ሦስት አራት ወንድ ሆዱ አካባቢ አሞት ይመጣል። ሁሉም ሆዳቸው አንድ ቦታ ነው። አይጨነቁ፣ ሥራዬ ነው፤ ይንገሩኝ።»

ነገራት። አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው፤ የተጠራቀመ ውሃ ቧንቧ ሲከፈትለት እንደሚሆነው ሁሉም ወጣ። እሷም ከመጋረጃው ኋላ ጓንት አድርጋ በደንብ አየችው፤ ጉያውን፣ እጥፋቱን፣ ሁሉንም። ፈሳሽ እንዳለው፣ ሽንቱ እንደሚያቃጥለው፣ እብጠት ወይም የተከፈተ ቁስል አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ሌላ ቦታ፣ ክርኑ ወይም ራስ ቅሉ ላይ፣ እንዲህ የሚላጥ ነገር እንዳለው ጠየቀች። በቤተሰቡ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ተመልሳ እስክሪብቶዋን አነሳችና እሱ ይጠይቁኛል ብሎ ያላሰበውን መጠየቅ ጀመረች። በምን ሳሙና ነው የሚታጠበው? በቀን ስንት ጊዜ? ልብሱን ማን ነው የሚያጥበው?

ሚስቱ ስትሄድ ልብሱን ሁሉ፣ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ የውስጥ ልብሱን እሱ ራሱ እንደሚያጥብ ነገራት። እንዴት እንደሚያጥብ ጠየቀችው። ያኔ ቱታውንና የውስጥ ልብሱን አንድ ላይ ዘፍዝፎ ነበር፤ አሁንም የዱቄት ሳሙናውን በደንብ አብዝቶ ነው፤ ዘይቱ እንዲለቅለት። ስንት ጊዜ በውሃ እንደሚያጠራው ስትጠይቀው አንድ ጊዜ መሆኑን ተናገረ፤ ሲናገረው ለራሱም ጥሩ አልመሰለውም።

«ሥራ ቦታ ላይ እጅዎን በምን ይታጠባሉ?»

ድሮ በሳሙና ነበር። ከአራት ወር በፊት ግን መንገድ ሲቆፈር የጋራዡ የውሃ መስመር ተቆርጦ ገና አልተጠገነም፤ በበርሜል የሚመጣው ውሃ ለመጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እጃቸውን በናፍጣ ያሹና በጨርቅ ይጠርጋሉ። ለሽንት ቤት ደግሞ በር ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀመጣል።

«እሺ። ሽንት ቤት ሲሄዱ መቼ ነው የሚታጠቡት?»

«ከጨረስኩ በኋላ ነዋ ዶክተር። እንደ ማንኛውም ሰው።»

«ከመግባትዎ በፊትስ?»

የአዳምጤ ሁለት እጆች ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁር አየ። በቀን አራትና አምስት ጊዜ፣ ናፍጣና የፍሬን ማጽጃ እየተንጠባጠበበት፣ በዚያ እጅ ምን ሲነካ እንደኖረ ታየው። ሲጨርስ ደግሞ እጁን አጥርቶ ይታጠባል፤ የሰውነቱን ቆሻሻ ከእጁ ለማራቅ። የእጁን ቆሻሻ ከሰውነቱ ማራቅ አንድ ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

ሐኪሟ አልተቻኮለችም። የመዳፉ ቆዳ በሃያ ሁለት ዓመት የወፈረ ስለሆነ ናፍጣውን እንደሚችል፣ የዚያ ቦታ ቆዳ ግን እንደ ዓይን ሽፋን ስስ መሆኑን አስረዳችው። መጀመሪያ ናፍጣውና በልብሱ ላይ የቀረው የዱቄት ሳሙና አደረቁት። ከዚያ የልብስ ሳሙናውና የፈላው ውሃ የቀረችውን የተፈጥሮ ቅባት አጥበው ወሰዷት። አልኮሉ አቃጠለው። የሽማግሌው ቅባት ደግሞ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ለጥቂት ቀን ማሳከኩን ያበርዳል፣ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ አይደለም።

«ዶክተር» አለ፣ ድምፁ ወረደ። «ከሚስቴ የመጣ ሊሆን አይችልም?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ደም እናያለን፤ ስኳርም፣ ሌላውንም። ፈንገስ እንደሌለበትም አረጋግጣለሁ። ያለ ምርመራ አልምልም» አለች። «እኔ እዚህ የማየው ግን ናፍጣ፣ ሳሙናና አልኮል ነው። ይሄ ቆዳ በብዙ ምክንያት ይላጣል፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስበው አንዱን ብቻ ነው። በዚያ ሐሳብ ስንት ቤት ሲበጠበጥ አይቻለሁ።»

ይዞት የወጣው መመሪያ ከፈራው ይልቅ ቀላል ነበር። አልኮሉንና ቅባቱን መጣል። በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ፤ ሳሙና እዚያ እንዳይደርስ። ሳይፈትጉ በለስላሳ ፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። ሽታ የሌለው ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ መቀባት። ልቅ ያለ የጥጥ ሙታንታ መልበስ፤ ከቱታው ለይቶ ማጠብና ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግሞ ማጥራት። ሽንት ቤት ከመግባት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከወጡም በኋላ። እስኪድን ድረስ ከሚስቱ ጋር አለመገናኘት። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው፣ ወይም ቁስል፣ እብጠት፣ ፈሳሽ ካየ ቀኑን ሳይጠብቅ መመለስ።

ሚስቱ ረቡዕ ሄዳ ተመረመረች። ዓርብ ሁለቱም ውጤታቸውን ተቀብለው ከክሊኒኩ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ የእሱን ወረቀት አነበበች፣ እሱ የእሷን። ሁሉም ነጻ ነበር፤ የእሱ ስኳርም ደህና ነው። አዳምጤ እፎይ ሊል ሲል ቀና ብሎ ፊቷን አየና ተወው። የእሷ ወረቀት ለእሱ ዜና ነበር፤ ለእሷ ግን ድሮም የምታውቀው ነገር ነው። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና እንሂድ አለችው።

ቆዳው መዳን ጀመረ። ቅባቱን ያቆመ ሰሞን ለጥቂት ቀን ባሰበትና ተስፋ ሊቆርጥ ነበር፤ ሐኪሟ አስቀድማ ስለነገረችው ቻለው። በሁለተኛው ሳምንት መቅላቱ ቀነሰ፣ ስንጥቁ ተዘጋ። ጋራዥ ውስጥም ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ሌላ በርሜልና ሳሙና እንዲቀመጥ አደረገ። ለጉሚስታው ባዶውን ቱቦ መልሶ እውነቱን ነገረው፤ ጓደኛው የሚባል ሰው እንደሌለ፣ ነገሩም ከሴት እንዳልሆነ። ሽማግሌው አገጩን አሸ። ከዚያ ድሮ በወጣትነቱ እሱም እንዲህ ሆኖ እንደነበር፣ በዚያ ምክንያት አንዲት ሴት ማባረሩን፣ ወዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ እንደማያውቅ ነገረው። መዶሻውን አንስቶ ወደ ጎማው ተመለሰ፤ የዚያን ቀን ቀልድ አልወጣውም።

ሚስቱ ከመሥሪያ ቤቷ ለስላሳ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይዛ መጥታ ስድስት ልቅ ያሉ የውስጥ ሱሪዎች ሰፋችለት። ስፌቱ ቆዳ እንዳይነካ ወደ ውጭ አድርጋዋለች። አዳምጤ ደራርቦ ሲይዛቸው ልቡ ሞቀ፤ ይቅርታ መስሎት ሊያመሰግናት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ይሄ ቁስልህ እንዲድን ነው» አለች። «ሌላው ሌላ ነው።»

ሌላው በእርግጥ ሌላ ነበር። በወሩ ቆዳው እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ሐኪሟ አይታው ከእንግዲህ አልፈልግዎትም ብላ አሰናበተችው። ቤቱ ግን አልዳነም። ሚስቱ ታበስላለች፣ ትስቃለች፣ ከልጇ ጋር ታወራለች፤ ለእሱ የሚደርሰው ግን ለእንግዳ የሚሰጠው ዓይነት ጨዋነት ነው። አንድ ቀን ደፍሮ እስከ መቼ እንደምትቀየመው ጠየቃት። እሷ መቀየም አይደለም አለችው። ቢጠይቃት ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን «ምን ሆነሻል፣ ምን ሆኛለሁ» ቢላት ኖሮ፣ ተናድዳ በማግስቱ ትረሳው ነበር። የከበዳት መጠርጠሩ ሳይሆን ጥርጣሬውን ይዞ ሰባት ሳምንት አጠገቧ መተኛቱ ነው። በዚያ አልጋ ላይ ብቻዋን እንደነበረች አላወቀችም ነበር።

አዳምጤ ይሄን ሰምቶ ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት እያለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት መጣ። ሚስቱ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ስልኳን እንደበረበረ ነገራት። አታውቅም ነበር፤ ባይነግራት መቼም አታውቅም። ስለዚያ ደግ ጎረቤትም ያሰበውን ነገራት፤ ፊት ሰጥቶ፣ ቁመት ሰጥቶ፣ ሸሚዝ አልብሶ የፈጠረውን ሰው።

ሚስቱ ሁሉንም ሰማች። «ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው እኮ» አለች በመጨረሻ። «ደረጃውን ሲወርድ እህቴ ናት ወይስ እሱ የሚወድቀው እያልኩ ነበር ከኋላ የምከተለው።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ሲል አፍሮ ተወው። እሷ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያንን እንባ ነው ቱቦውን ያገኘች ዕለት የጠበቀው። አልነካትም፣ ዝም በይም አላላትም። ተቀምጦ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀስ ብሎ መጣ። የተለየ ቀን ቆርጦ እዚህ ላይ ታረቁ ማለት አይቻልም። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ የሥራ ቦታ ወሬ ነገረችው። ሌላ ቀን በአንገትጌው ላይ የተንጠለጠለ ክር በጥርሷ በጠሰችለት። አንድ እሑድ ሦስቱም አብረው እህቷን ሊጠይቁ ሄዱ፤ እሱም ሽማግሌውን ጎረቤት አግኝቶ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ሽማግሌው ለምን እንደዚያ እንደጨበጠው ሳይገባው።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ ግድም አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ቤት ውስጥ ስፌት ላይ ቆይታ ስትነሳ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አዳምጤ አንስቶ ሲሰጣት አልተቀበለችውም። ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «እነዚህ ሦስቱ ጣቶቼ ይደነዝዙኛል። ዓመት አልፎታል። ከሥራ እንዳያወጡኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴም።»

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እጇን ተቀብሎ አንድ በአንድ ጣቶቿን ያዝ ያዝ አደረጋቸው፤ የቱ ጋ እንደሚሰማት፣ የቱ ጋ እንደማይሰማት፣ ጠዋት ይብሳት ወይስ ማታ፣ በእንቅልፏ ይቀሰቅሳት እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ሁሉንም መለሰችለት። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ አላውቀውም አላት።

በማግስቱ ወደ ጋራዥ የገባው ረፋድ ላይ ነው። የት እንደነበር ለጠየቁት ሁሉ ሚስቱን ሐኪም ቤት አድርሶ መምጣቱን ነገራቸው።